ጢም ያበቀለው ማግኔት

የዶክትሬት ተማሪዋ የመዳብ አተሞችን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በሰንሰለት አያይዛ ሰማያዊ ክሪስታል አሳድጋለች። የቀራት ክሪስታሉን ወቅጣ በማግኔት መፈተን ብቻ ነበር። የቤተ ሙከራው የሸክላ ሙቀጫ ተሰብሮ ግዢ ክፍል «በሂደት ላይ ነው» ማለት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስለዚህ አማካሪዋ ዶክተር ቢያድግልኝ ከቤታቸው የነጭ ሽንኩርት መውቀጫውን የብረት ሙቀጫ ከነዘነዘናው አመጡላት።

ወቅጣ ማግኔት ስታስጠጋ ዱቄቱ ብድግ ብሎ ተለጠፈበት። ማግኔቱ ጢም አበቀለ።

«እልል በይ እንጂ!» አሉ ዶክተሩ። «እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማግኔት የሚሆን መዳብ! እስከ ዛሬ ማን ሠርቶ ያውቃል?»

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው፣ ዶክተር። ማንም ሠርቶ አያውቅም።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ሲሳካለት ይስቃል፣ አንቺ ለቅሶ ቤት የተቀመጥሽ ትመስያለሽ። በይ፣ የኮሌጁ ዲን ጋዜጠኞች ጠርተዋል። ነገ የመመረቂያ ጥናትሽን ታቀርቢና ዶክተር ትባያለሽ።»

ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ከኮሪደሩ ጭብጨባ ተሰማ።

ብቻዋን ስትቀር ያልተወቀጠ አንድ ክሪስታል ከብልቃጡ አውጥታ ማግኔቱን አስጠጋች። ክሪስታሉ ንቅንቅ አላለም። የብረት ሙቀጫውን አጥባ አደረቀችና ለምሳ እንቁላሏ ቋጥራ ያመጣችውን ጨው ጨምራ ወቀጠች።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ ካሜራው አንቺን ነው የሚጠብቀው!» አሉ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመው።

ማግኔቱን ወደ ጨዉ አስጠጋች። ጢም አበቀለ።