የምድር ቤቷ ጣውንት

ልብስ ሰፊዋን ባሏን የቀማት ቁም ሳጥን ነው። እንዲህ ስትል የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እሷ ግን ከልቧ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪሙ ደምሽ አንሷል፣ ቅጠላ ቅጠል አብዢ ባላት ሰሞን ነው። ባሏ ወዲያው ቤት ውስጥ አትክልት የሚያበቅል መሣሪያ ገዛላት። ቁመቱ ቁም ሳጥን ያክላል፤ ሰላጣው በየመደርደሪያው ላይ በመብራት ያድጋል። ሻጩ፣ መሣሪያው አፈር አይፈልግም፣ ውሃውንም ራሱ ያጠጣል፣ የናንተ ሥራ መብላት ብቻ ነው ብሎ ነበር። ቤታቸው በስፌት መኪናና በጨርቅ ስለተጨናነቀ መሣሪያው ምድር ቤት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍላቸው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ባልየው ከሥራ ሲመጣ ቦርሳውን ወርውሮ ወደ ምድር ቤት ነው። እራቱ ቀዝቅዞ፣ እሷም ጠብቃ ጠብቃ አንጀቷ አርሮ ሳለ፣ አንድ እቅፍ ሰላጣ ይዞ እያፏጨ ይመለሳል። ራሱ ያጠጣል የተባለ መሣሪያ ምን እንዲህ ያስቆየዋል? ቅጠል እንክብካቤ ይወዳል ይላታል። ልውረድና ልየው ስትል ደግሞ በሩ ሲከፈት ብርድ ይመታዋል፣ ጉልበትሽም ደረጃውን አይችለውም ይላል።

ሰላጣውን የማጠብ ዕዳ የእሷ ነው። ደጋግማ ብታጥበውም አሸዋው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ይኸም ሌላ ንዴት ሆነባት። አንድ ቀን ጭራሽ እቅፉን በቀይ ጥብጣብ አስሮ አመጣው። ቋጠሮውን አገላብጣ አየችው፤ የሠለጠነ እጅ ያሰረው ይመስላል። የገዛ ጫማውን ክር በወጉ ማሰር የማይችል ሰው ለቅጠል ጥብጣብ ያስራል ብላ አለቀሰች።

ብሶቷን ለእህቷ ነገረቻት።

«ጣውንት መጣችብሽ በያ» አለች እህቷ እየሳቀች።

«ጣውንት ብትሆንማ ፀጉሯን እጎትት ነበር። የዚህ ምኑ ይጎተታል?»

«ገመድ አለው አይደል? ከሶኬቱ ንቀይና ቁረጪው።»

እህቷ ቀልዷን ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ትዕግሥቷ አልቋል። የምትፈልገው ሌላ ምንም አይደለም፤ እንደ ድሮው ከባሏ ጋር ትኩስ እራት መብላት ነው።

በማግሥቱ ባሏ ወደ ሥራ ሲሄድ ትልቁን የጨርቅ መቀስ አነሣች። ከሕንፃው ዘበኛ ትርፍ ቁልፍ ተቀበለች። ጉልበቷን እየረገመች፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወረደች። ብርድ እንደሆነ ይምታው አለችና በሩን በረገደችው።

ውስጡ ጨለማ ነበር። ግድግዳውን ዳብሳ መብራቱን አበራች።

የመሣሪያው ካርቶን ጥግ ላይ ቆሟል፤ የፋብሪካው ፕላስተር እንኳ አልተቆረጠም።