በገባህበት ውጣ

ባሌ አናጢ ነው። አዲስ መቃን ሠርቶ ግቢው መሃል ሲያቆም በውስጡ ያለፈ ሰው በዚያው መመለስ አለበት፤ ዞሮ መምጣት ክልክል ነው። "ባዶ መቃን የት እንደሚያደርስ አይታወቅም" ይላል። እኔ ደግሞ "ግድግዳ የሌለው በር ምን አባቱ ያደርጋል" እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ዛሬ ጠዋት የእንጨት ማጣበቂያ ኮላ ጣሳውን ይዞ በመቃኑ አለፈና ወደ ጓሮ ሄደ። ወዲያው መቃኑን ያዘዘው ደንበኛ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ቸኩሎ ስለነበር መቃኑን አስጫንኩለት። ትንሽ ቆይቶ ባሌ በጓሮ በኩል ዞሮ ገባ።

"እስቲ አስታጥቢኝ፣ ርቦኛል" አለ።

ውሃ እያፈሰስኩለት ዓይኔ ግራ እጁ ላይ ቀረ። መጋዝ ከወሰደው አሥር ዓመት ያለፈው የቀለበት ጣቱ በቦታው አለ፤ ጥፍሩ ሥር እንኳ ሰጋቱራ ገብቶበታል። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

ስልኬ ጮኸ። ደንበኛው ነው።

"እትዬ፣ መቃኑን አውርደን ብናቆመው ባለቤትዎ የኮላ ጣሳ እንደያዙ በውስጡ ብቅ አሉ። ላገናኝዎት።"

ቀጥሎ የባሌ ድምፅ መጣ። እያለከለከ ነበር።

"ስሚኝ፣ በጓሮ በኩል ማንም ቢመጣ እንዳትከፍቺ።"

"ማነው የደወለው?" አለኝ ሰውየው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያደረቀ።