የሰባት ደቂቃ መንዙማ

«አይቻልም አልኩ እኮ። ኮፒ ማድረግ ስርቆት ነው» አለ ታምራት፣ የአንድ ባጃጅ ሾፌር ፍላሽ ላይ አራት መቶ የሰው ዘፈን እየጫነ።

ሸህ ሷሊሕ ይህን ዓይኑን በጨው ያጠበ ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ የሱቁን ቆርቆሮ እያጋለው እሱ ቆዳ ጃኬት ለብሷል። ከኮምፒውተሩ በላይ «ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ፎቶ ኮፒ ነው።

«በገዛ ብሬ የገዛሁት ነው» አሉ። እንቅርታቸውን ካስወጡ ወዲህ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። «ሰርቄ አላመጣሁብህ። ከስልኬ ወደ ፍላሽ አሻግርልኝ ነው ያልኩህ።»

«የገዙት መስማቱን ነው እንጂ ዘፈኑን አይደለም።»

«መንዙማ ነው።»

«እሺ፣ መንዙማውን። አፑ ላይ እንደ ልብዎ ይስሙት።»

እንደ ልብዎ ይላል። አፑ ያለ ኔትወርክ አይሠራም፤ በሸሁ መንደር ደግሞ ኔትወርክ የሚገኘው ከማሽላው መሀል፣ የወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። እዚያም መሀል ላይ እየተቆረጠባቸው መንዙማውን አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምተውት አያውቁም። ለመውሊድ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ማማ ላይ አያወጡት ነገር። ስልኩም መስታወቱ ረግፎ ዛሬ ነገ እያለ ነው። መንዙማውን ከአባታቸው ወርሰው በሐድራ ጉባኤ፣ ሌላው እየተቀበለ፣ ሲያወርዱ የኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሚያስተምሯቸው ደረሶች ገና መግቢያውን እንኳ አልያዙም። ስልኩ ከሞተ መንዙማውም አብሮት ተቀበረ።

«ለመሆኑ ድምፁ የማን መሰለህ?» አሉት።

«አውቃለሁ። ድምፁ የአንቱ ነው፤ መብቱ የቀረጸዎት ድርጅት። ፈርመው ሸጠዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ወኪላቸው ነኝ።» ጃኬቱን አስተካከለ።

ወኪል። አንዱን ድርጅት እየጠበቀ የቀረውን አገር ይዘርፋል። ሸሁ ምራቃቸውን ዋጡ፤ መትፋት አምሯቸው ነበር። የገዛ ድምፃቸውን ገዝተው፣ ደግሞ እንዲህ ላለው ሰው ቆመው መለመናቸው አንገበገባቸው።

«ሸህ አባባ፣ ወዲህ ይምጡ» አለች ናጅዋ።

ናጅዋ የጎረቤታቸው የሱሌይማን ልጅ ናት። የታምራትን ሱቅ ጥግ ተከራይታ ስልክ ትጠግናለች። ሸሁ ሲገቡ አይተዋት እንዳላዩ አልፈዋታል፤ የሸሪፎች፣ የነቢዩ ዘር የሆነ ሰው ልጅ ገበያ መሀል ተቀምጣ ብሎን ስትፈታ መዋሏ ደስ አይላቸውም። አሁን ግን ሄዱ።

ስልካቸውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የራሷንም መቅረጫውን ከፍታ ከጎኑ አጋደመችው። «ያጫውቱት። ለቤትዎ ነው፤ ማን ምን ይላል?»

«ጥራት አይኖረውማ» አለ ታምራት፣ ከንፈሩን ጠምዝዞ።

«ያንተን ጥራት እያየነው ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

መንዙማው ጀመረ። የሸሁ የጥንት ድምፅ፣ ያ ከመንደር መንደር የሚሰማው፣ ሱቁን ሞላው። ታምራት የራሱን ዘፈን ከፍ ሊያደርግ እጁን ሲሰድ የባጃጁ ሾፌር «ተው እስቲ፣ እንስማበት» አለው።

ከዚያ አንድ ስንኝ መሀል ላይ ድምፁ ጸጥ አለ።

«ኔትወርኩ ነው» አሉ ሸሁ። «ሁልጊዜ እዚችው ላይ ይቆረጥብኛል።»

ናጅዋ ስልኩን አየችው። «ኔትወርክማ ሞልቷል፣ አባባ። አልቆ ነው። ሰባት ደቂቃ ይላል።»

«ቀሪውስ?»

«ቆርጠውታላ» አለ ታምራት ከወዲያ። «ከሰባት ደቂቃ በላይ መንዙማ ማን ይሰማል?»

ሸሁ ጠረጴዛውን ያዙ። የይፋት ሸሆች ስም በየተራ የሚጠራው ገና ከዚያ በኋላ ነው፤ የአባታቸውም ስም እዚያው ውስጥ አለ። ለካ ያን ሁሉ ወር ማማ ላይ እየወጡ ኔትወርክ ሲረግሙ የኖሩት በከንቱ ነው። የገዙት ጉራጅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ዓይን አውጣ የለመኑትም ለዚሁ ጉራጅ ነው። ታምራትን ሲንቁ ቆይተው አሁን ራሳቸውን ናቁ።

ናጅዋ አንዲት ትንሽ ብሎን በወረንጦ አንስታ እፍ አለችባት። እፍ ብላም ሳትጨርስ፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ሰው፣ ቀጠለችው። ከተቆረጠበት ስንኝ ጀምራ ነው የቀጠለችው። አንድ ስም ጠራች፣ ሁለተኛውን ጠራች፤ እሳቸው ይተነፍሱባት በነበረችው ቦታ ላይ ተነፈሰች።

«ማን አስተማረሽ?» ሊሏት አሰቡና ተዉት። ያውቁታል። ሐድራው ላይ በመጋረጃው ወዲያ፣ ከእናቶቹ ጋር ሆነው የሚቀበሉ ትንንሽ ሴት ልጆች ነበሩ። ደረሶቻቸውን ሲመርጡ ግን መጋረጃውን አንድ ቀን ገልጠው አያውቁም።

ልጅቱ የአባታቸው ስም ላይ ደረሰች። ጠራችውና ዝም አለች፤ እዚህ ላይ ተቀባይ ነው የሚገባው። ሱቁ ውስጥ የሚቀበል አልነበረም። ታምራት ፍላሹን ነቅሎ ለሾፌሩ ሰጠው፤ ሾፌሩ ይዞ ቆሞ ቀረ።

የናጅዋ ስልክ ገና እየቀረጸ ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ፣ ከአምስት፣ ከስድስት።

ሸህ ሷሊሕ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። አርባ ዓመት አውርደዋል፤ ተቀብለው ግን አያውቁም። በዚያች በተረፈቻቸው ሹክሹክታ ተቀበሏት።