ያልተከፈተው ውሃ

ከጅማ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ቡና አብቃይ ከተማ ምክር ቤት በካፒታል በጀቱ ላይ ሲከራከር እኩለ ቀን ሆነ። የአደባባዩ ፏፏቴ አንደኛ፣ የገበያው መጸዳጃ ቤት ዘጠነኛ ሆነው ሊጸድቁ ነበር። ሃያ ዓመት በርበሬ የሸጠችው ተመራጭ ሰሊማ ሁለት ጊዜ እጇን አውጥታ ዕድል አላገኘችም።

አፈ ጉባኤው የውሃ ጠርሙሱን ሲከፍት የእሷን አየ። እንደታሸገ ነው።

“አዴ ሰሊማ፣ ይጠጡ እንጂ! ሙቀቱን አላዩትም?”

ሰሊማ ጠርሙሱን አየችና አፈረች። “ወላሂ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኛ የገበያ ሴቶች ከቤት ከወጣን እስክንመለስ ውሃ አንጠጣም። ጠጥተን የት እንሄዳለን?”

አፈ ጉባኤው ሳይጠጣ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

“ፏፏቴውን” አለ ቀስ ብሎ፣ “ስንተኛ ነበር ያደረግነው?”