ዘንዶውን የገደለችው

የፊት ሕግ ከወጣ ወዲህ ማንም ሰው በቪዲዮ ላይ ያለውን የራሱን ፊት በፈለገ ጊዜ አንስቶ በሌላ ሰው ፊት መተካት ይችላል፤ በየቤቱ ያለው ቅጂም ያኔውኑ ይለወጣል።

ትርሲትና ፍቅረኛዋ ማሕደር የዘንዶውን ተረት እንደገና ቀርጸውት ነበር። ለዘንዶው የተገበረችው ልጃገረድ ትርሲት ናት፤ ዘንዶውን ገድሎ የሚያድናት ጀግና በተረቱ ወንድ ቢሆንም፣ በእነሱ ቪዲዮ ማሕደር ሆነች። እንደነሱ ተደብቀው የሚዋደዱ ሴቶች እሁድ እሁድ ትርሲት ሳሎን እየተሰበሰቡ ያዩታል።

በዚህኛው እሁድ ግን ከዘንዶው ሬሳ ጀርባ ብቅ ያለው ጀግና ፂማም ወንድ ነበር። እጁ ላይ ማሕደር ድንች ስትጠብስ ያገኛት የዘይት ጠባሳ እንዳለ አለ።  ትርሲት በዚያ ቀን ለቀረችው ማሕደር ደወለች።

«ማነው ይሄ?»

«እጮኛዬ ነው» አለች ማሕደር። «ቪዲዮው ሰርጋችን ላይ ይታያል። በጣም ስለሚያምር ማጥፋቱ አሳዘነኝ።»

«እንደዚያ የማየው እኮ አንቺን ነበር።»

«እሱን ማን ያውቃል፣ ትርስዬ?»

ትርሲት ስልኩን ዘጋች። ቪዲዮው ላይ ልጃገረዷ ሰውየውን በስስት ታየዋለች። የራሷን ፊት ለማንሳት ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ማሕደር በሰርጓ ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያንን የትርሲትን ዓይን ስታይ ታሰባት።

«ትየው» አለችና ጣቷን አነሳች።