የሙላቴ መነጽር ገበያ ያጣበት ምክንያት

ሙላቴ መነጽሩን የገዛው በእናቱ ቤት ነው። ወይዘሮ እቴነሽ ደብረ ታቦር የነበራቸውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሸጠው ብሩን በሙሉ ሰጡትና እብናት እህታቸው ጋ ሊሰነብቱ ጓዛቸውን ጠቀለሉ።

"ለፋሲካ ቤት ተከራይቼ አመጣሻለሁ" አላቸው መናኸሪያ ሲሸኛቸው።

"አንተ ብቻ ይቅናህ፤ እኔ የትም እሆናለሁ" አሉት።

ስልክ የላቸውም። ሙላቴ እብናት ሄዶ ሊያያቸው በየሳምንቱ ያስባል፤ በየሳምንቱም ሥራ ይይዘዋል።

ዕቃው በእውነት ጉድ ነበር። ዓይን ላይ ሲታሰር የተቀረጸውን ቦታ እዚያው የቆሙ ያህል ያሳያል። ቀና ያለ ሰማዩን፣ ዞር ያለ ከኋላው ያለውን ያያል። የሠርግ ቪዲዮ ማንሳት የለመደው ሙላቴ ዙሪያውን ሁሉ የሚቀርጽ ካሜራም አብሮ አስመጣ። ጥር ሃያ አንድ ቀን አንበሳሜ አጠገብ ማርያም ስትነግሥ ካሜራውን ረጅም እንጨት ላይ አስሮ አቁሞ፣ ታቦቱ ሲወጣና ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ቀረጸ። የካቲት ላይ እዚያው ደብረ ታቦር አንዲት ክፍል ተከራየ፣ የሚሽከረከር ወንበር አስገባ፣ በሩ ላይ "አሥር ደቂቃ በሃምሳ ብር" ብሎ ለጠፈ።

እሱን ራሱን መነጽሩ ያዞረዋል። ጠዋት ጠዋት ቆሞ፣ ታቦቱ ጥርት ብሎ መታየቱን አይቶ፣ ቶሎ ያወልቀዋል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ የጎረቤት ፀጉር ሠሪዋ ሠናይት ነበረች። እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ አሽከረከረች። ጊዜው ሳያልቅ አወለቀችው።

"ሹሩባዬን አበላሸብኝ" አለች። ሹሩባዋ ምንም አልሆነም። ሂሳቧን ከፈለች፣ ጤናውን፣ ሥራውን፣ እናቱን ጠየቀችውና ወጣች።

ሾፌሩ አዳነ አንገት ይሰብራል አለ። አንድ መምህር ዋጋው ለዚህ አገር ሰው አይሆንም አለ። ሌላው አቅለሸለሸኝ አለ። ሁሉም ምክንያት አላቸው። ሙላቴን የከነከነው ሌላ ነው፤ አንዳቸውም ሲናገሩ ዓይኑን አያዩትም። በሁለተኛው ሳምንት ሰልፉ ጠፋ። ዋጋውን ሃያ አደረገው፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ በነጻ። በነጻም አልመጡም። እንዲያውም አንዳንዶቹ እሱን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

ጥርጣሬው በላይነህ ላይ አረፈ። በላይነህ ከመንገዱ ማዶ ኳስ የሚያሳይበት ቤት አለው፤ ደንበኛ የሚሻማው እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ፣ በወንበሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ፈጥኖ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ደጁ ላይ ሰው ይሰበሰባል፤ ሙላቴ ብቅ ሲል ወሬው ወዲያው ኳስ ይሆናል። አንድ ቀን በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ በላይነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማው።

"እንዳትነግሩት። ከእኛ አፍ ባይሰማው ይሻላል።"

ሙላቴ ደሙ ፈላ። እናቱን በሰው ቤት አስቀምጦ የገዛውን ዕቃ ተማክረው ሊገድሉበት ነው። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የቤት ኪራይ የሚሆን ቀርቶ የራሱን ክፍል የሚከፍልበት አጥቷል።

እሁድ ጠዋት በላይነህ የሙላቴን የንስሐ አባት አባ ገብረየሱስን የቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ይዞ ሲያንሾካሹክ አገኘው። ያን ዕለት አባ ዓይን እያላቸው ስለማያዩ ሰዎች ሰበኩ። ሙላቴ የግማሹ ሕዝብ ዓይን እሱ ላይ እንዳረፈ ተሰማው። አሁን ገባው፤ ባለ ኳሱ ቄሱን ይዞ መነጽሩን አስወግዞበታል።

በነጋታው አባን ለምኖ ክፍሉ ድረስ አመጣቸው።

"ሳያዩ አይፍረዱብኝ" አላቸው።

አባ ገብረየሱስ ተቀመጡ። መነጽሩን አሰረላቸው። ታቦቱን ሲያዩ አማተቡ። ከዚያ በእግራቸው ወለሉን እየገፉ ወንበሩን ቀስ ብለው አዞሩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ቆዩ። እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

"ዕቃው ኃጢአት የለበትም" አሉ ሲያወልቁት።

"እንግዲያው ሰው እንዳይመጣ የከለከሉት አንቱ አይደሉም?"

"ማንንም አልከለከልኩ።"

"በላይነህ ነዋ።"

"በላይነህማ ክፉ ሰው አይደለም።" አባ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። "ልጄ፣ አንተ ይህን ነገር አይተኸዋል?"

"መቶ ጊዜ።"

"ተቀምጠህ?"

ሙላቴ እየቀለዱበት መሰለው። አባ መስቀሉን አሳልመውት ወጡ።

ምን አይተው ነው ከንፈራቸው የተንቀሳቀሰው? ከካህናቱ አንዱ ቆቡ ተንጋዶ ይሆን? አንዷ ሴት ሳትሸፈን ቀርታ ይሆን? ስህተቱን ካገኘው ይቆርጠዋል፤ ፋሲካ ሳይደርስ ደንበኛውን ይመልሳል። አባ እንደተዉት ግድግዳውን በሚያየው ወንበር ላይ ተቀመጠና መነጽሩን አሰረ።

ታቦቱ በዚህ በኩል የለም። ያለው ከካሜራው ጀርባ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ነው። ሥሩ ለማኞች ተደርድረው እጃቸውን ዘርግተዋል። የሠርግ ካሜራውን ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ በፊታቸው ያልፋል፤ ራሱ ሙላቴ ነው። ከረድፉ ሦስተኛዋ አሮጊት እሱን ሲያዩ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ እስኪያልፍም ሸፍነው ቆዩ።

ካለፈ በኋላ ነጠላውን ገለጥ አድርገው በስስት ከኋላው ያዩት እናቱ ናቸው።