ሾልኮ የወጣው የጸሎት ርዕስ

የሴቶች አገልግሎት ሰብሳቢዋ አጥብቃ የምትጠላው ሁለት ነገር ነበር፤ ማርፈድና ወሬ። ማርፈድን በሩን በሰዓቱ በመቆለፍ ድል ነሥታዋለች። ወሬ ግን ራሷን ሊያዞራት ደርሷል።

በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ሴቶች በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዷ የጸሎት ርዕሷን፣ ማለትም የልቧን ጭንቀት፣ ትናገራለች። የተነገረው ከክፍሏ ላይወጣ ቃል ተገባብተዋል። ከአምስት ወር ወዲህ ግን ምስጢሩ ሁሉ አደባባይ ይውላል። የአስተማሪዋ ባል መጠጥ መጀመሩን ተማሪዎቿ ሳይቀሩ አወቁ። መድኃኒት ሻጯ መውለድ እንዳልቻለች የሰማ አንድ ደንበኛ፣ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ መጥቶ እሱው ለእሷ መድኃኒት አዝዞላት ሄደ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢዋን ጠሩና፣ "አንድ ጊዜ ከተደገመ አገልግሎቱን እንዘጋዋለን" አሏት። ሃያ ዓመት የደከመችበት ነው። በረንዳው ላይ ወጥታ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠረገችና ማንን እንደምትይዝ ማሰብ ጀመረች።

በጸሎቱ በኩል እንከን የላትም። ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ እንቅልፍ እንዳይጥላት መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍትና ቆማ ትጸልያለች። ማንሾካሾክ አትወድም፤ በአምላኩ የሚያፍር ሰው ይመስላታል። እያንዳንዷን እህት በስሟ እየጠራች፣ ጉዳይዋን አንድ በአንድ እየዘረዘረች ታቀርባለች። እንዲህ የምትደክምላቸውን ሴቶች አንዲት ምላሰኛ ስትበትንባት ማየት አንጀቷን አሳረረው።

ምላሰኛዋን ለማግኘት ብዙ አልፈለገችም። ልብስ ሰፊዋ ወደ ኅብረቱ የመጣችው ልክ የዛሬ አምስት ወር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መጽናኛዬ እናንተ ብቻ ናችሁ ትላለች። በሽተኛ ስትጠይቅም ሆነ ወንበር ስትደረድር ቀዳሚዋ እሷ ናት፤ ይኸው ትጋቷ ራሱ ሰብሳቢዋን ያበግናታል። ሱቋ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሴት አይጠፋውም፤ ቀሚስ የምታስለካ ሴት መቼም ዝም ብላ አትቆምም።

"ያቺ ሴትዮ እንደ መርፌዋ ናት፤ የገባችበትን ሁሉ ትበሳለች" አለች ለምክትሏ።

"ማስረጃ አለሽ?"

"አመጣልሻለሁ።"

ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋን ለብቻዋ ጠራቻት። በጸሎት ርዕስ መዋሸት ኃጢአት ስለሆነ፣ ለወጥመዱ እውነተኛ ምስጢሯን ሰጠች፤ ልጇ ትዳሯን ጥላ ወደ ቤት ልትመለስ ነው። ይህን እስከዚያች ቀን ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

"አይዞዎት እትዬ፣ ከእኔ አይወጣም" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እጇን ያዝ አድርጋ።

ሰብሳቢዋ እጇን መነጨቀች።

ሐሙስ ጠዋት ከፎቋ ወርዳ፣ ከሥር ካለው ዳቦ ቤት ዳቦ ልትገዛ ቆመች። ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈው ሰው እንደ ሁልጊዜው ጸጥ ብሏል። አንዲት ሴት "እግዚአብሔር ያጽናናዎት፣ እትዬ" ብላ ተራዋን ለቀቀችላት። ሰፈሩን ከአምስት ወር በፊት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ወዳዋለች፤ ጨዋ ሰው የበዛበት ነው። የእሷ ሴቶች ግማሹን ጨዋነት ቢኖራቸው ምን ነበረበት?

ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ሻጯ በሩ ላይ አንገቷን አቀፈቻት።

"ስለ ልጅሽ ሰማሁ። አይዞሽ፣ ያልፋል።"

"ከማን ሰማሽ?"

"ኧረ ሰዉ ሁሉ ያወራዋል!"

የሰብሳቢዋ ደም ፈላ። ከንዴቱ ሥር ግን ደስታም ነበረ፤ ይህን ብትጠየቅ አታምንም። ገባች፣ በሩን ቆለፈች።

"አንቺ፣ ቁሚ!" አለች።

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች።

"የልጄን ነገር የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። አዎ ወይስ አይደለም?"

"አዎ፣ ነግረውኛል። ከአፌ ግን አልወጣም።"

"ታዲያ ወሬው ክንፍ አውጥቶ በረረ?"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ። በጠዋት ሱቄን ስከፍት ሴቶቹ ዳቧቸውን እንደታቀፉ ገብተው ነው የሚነግሩኝ። የሁላችሁንም ጉድ ከእነሱ ነው መልሼ የምሰማው። ዝም እንዲሉ ስንቴ ለመንኳቸው!"

"ሰማችኋት? በደንበኞቿ ታላክካለች!"

አንዷ ሳቀች። አስተማሪዋ፣ "ትዳሬን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ!" ብላ ጮኸችባት።

"ዓይንሽ እንዴት ያየናል? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደጃፍ ድርሽ እንዳትይ!" ሰብሳቢዋ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

"ወድቄ ያነሣችሁኝ እናንተ ነበራችሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አሁን ማን ያነሣኛል?"

ወንበሯን አጥፋ ከግድግዳው አስደገፈችና ወጣች።

በማግስቱ ሰብሳቢዋ ከወትሮው ቀደም ብላ ተነሣች። መስኮቱን ከፈተች። የትናንቱ ጩኸት ጉሮሮዋን ዘግቶታል፤ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አያልፍም። ቢሆንም፣ ከመካከላቸው ያለችውን ወሬኛ ስላጋለጠላት አምላኳን አመሰገነች። ቂም የምትይዝ ሰው እንዳልሆነች ለማሳየትም የልብስ ሰፊዋን ስም ጠራች፤ ያቺ ሴት በመጀመሪያው ሐሙስ እያለቀሰች የነገረቻቸውን የገመና ጉዳይ ከሥሩ ጀምራ ትዘረዝር ገባች።

ከመስኮቱ ሥር የሴት ድምፅ ተሰማ፦

"እትዬ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉ እንጂ! ከኋላ ለተሰለፍነው አይሰማም!"